«ደህና ነኝ ትላለች» ብዬ የዘጋሁት ድምፅ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም ገደፍኩ ብያለሁ፣ ሰው አማሁ ብያለሁ፣ እናቴን በስልክ ተቆጣሁ ብያለሁ፤ እሳቸውም ስግደት አዝዘውኝ ሰግጃለሁ። ይሄኛው ግን ምላሴ ጫፍ ላይ ሲደርስ እየዋጥኩት፣ ሌላ ቀለል ያለ ኃጢአት ፈልጌ እነግራቸዋለሁ። ጉድ እኮ ነው፣ ኃጢአትን በኃጢአት መሸፈን! ዛሬ አልውጠውም። ስሜ ሰላም ነው። አንዲት የአገሬ ልጅ ዓይኗ ሊጠፋ ሲል ድረሱልኝ ብላ ስትናገር ጆሮዬን የነፈግኳት፣ በኋላም ሰምቼ የዋሸሁባት እኔ ነኝ።

ሥራዬን ላስረዳችሁ፤ ካላስረዳሁ ጥፋቴ አይገባችሁም። ዱባይ ውስጥ ለመንግሥት አገልግሎት አቤቱታ የሚቀበል አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነበር የምሠራው። ስሙን አልጠራም፤ ስሙን ከጠራሁ ጥፋቱን ላካፍለው ያምረኛል። ሰው ይደውልና በገዛ ቋንቋው ችግሩን ይናገራል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ማሽን ድምፁን ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል፣ በሁለት መስመር ያጠቃልለዋል፣ ከዚያ «አስቸኳይ» ወይም «ይዘጋ» ብሎ ሐሳብ ያቀርባል። ሐሳብ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም። ደንቡ ጥርት ያለ ነው፦ ማሽን ብቻውን የሰው ጉዳይ አይዘጋም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ድምፁን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ነው የሚያጸድቀው። ለአማርኛ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሌላ አልነበረም።

ማሽኑ አማርኛ ያውቃል፤ አልዋሽበትም። እዚህ ተወልደው ካደጉ ከአንዳንድ የእኛ ልጆች ይሻላል። የማያውቀው እኛን ነው። የእኛ ሰው፣ በተለይ ከገጠር የመጣች ሴት፣ ቤት እየተቃጠለባት እንኳ ስልክ አንስታ «ቤት እየተቃጠለ ነው» አትልም። ነውር ነዋ! መጀመሪያ «እንደምን ዋላችሁ» ትላለች። «ደህና ናችሁ? ሥራ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ማዳምም ደህና ናት፣ ልጆቹም ደህና ናቸው» ትላለች፤ ያውም ለማሽን። ሰላምታው ሲያልቅ ትንሽ ትተነፍስና «ብቻ» ትላለች። ጉዳዩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ ግን ያንን ሁሉ ደህንነት ሰብስቦ «ደዋይዋ ደህና ናት፤ አሠሪዋም ደህና ናት፤ አቤቱታ የለም፤ ይዘጋ» ይላል። ይህን ለማረም ነበር የተቀጠርኩት። እንዲያውም በቃለ መጠይቁ ላይ ይህንኑ አስረድቻቸው ነው ሥራውን ያገኘሁት። ማሽኑ አያውቅም ነበር፤ እኔ አውቅ ነበር።

መጀመሪያ አካባቢ እሰማ ነበር። ማዳመጫውን አጥብቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ፤ ከሰላምታው በኋላ ጉዳዩ ሲመጣ የማሽኑን «ይዘጋ» ሰርዤ «አስቸኳይ» እላለሁ። ከዚያ ምን ነካኝ? ሥራ በዛብኝ ልበል? በዝቶብኝ ነበር፤ ግን ከአጠገቤ የምትቀመጠው ፊሊፒናዊት ከእኔ ይበልጥ በዝቶባት ሁሉንም ትሰማ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፦ አፈርኩባቸው። በእነዚያ ሴቶች አፈርኩ። ሜትሮ ውስጥ ሱፌን ለብሼ፣ የቢሮ መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜ ሳለ አንዲት ሴትዮ የአገሬን መልክ አይታ «ማዳምሽ ስንት ልጅ አላት?» ብላ ጠየቀችኝ። ቢሮ ስገባ ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ እነሱ አሉ። ያለቅሳሉ፣ አማርኛውን ከዐረብኛ ይቀላቅላሉ፣ ሹግሉ፣ ሥራው ማለታቸው ነው፣ በዛብኝ፣ ማዳም ስልኬን ቀማችኝ ይላሉ። እኔ ከእነሱ አይደለሁም ለማለት ስንት ዓመት የደከምኩ ሰው! ድምፃቸውን በሰማሁ ቁጥር ያቺ የሜትሮዋ ሴትዮ ትመጣብኛለች። ምክንያቴ ይሄ ነው፤ ሲናገሩት ደግሞ ከስንፍና ይብሳል።

ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። ድምፁ እስከ መጨረሻው ካልተጫወተ ሲስተሙ ማጽደቂያውን አይከፍትም። እኔም ድምፁን አስነሣና ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሴቶቹ ለጠረጴዛ ያወራሉ። እኔ ከእህቴ ጋር ስለ ሠርጓ እጻጻፋለሁ፣ ጫማ እመርጥላታለሁ፣ ሻይ አምጥቼ እጠጣለሁ። ሲያልቅ የማሽኑን ሁለት መስመር አነብና አጸድቃለሁ። ሱፐርቫይዘሬ «ፈጣን ናት፣ እንደሷ ሁኑ» ብሎ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ። እኔም አፍሬ እንደመቀመጥ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ማን አስገደደኝ? ማንም አላስገደደኝም። እኔ ነኝ ማዳመጫውን ያወለቅሁት፤ በገዛ እጄ ነው ያወለቅሁት።

የምኖረው ሻርጃ፣ አል ናህዳ ነው፤ ከወይንሸት ጋር አንድ ክፍል እንካፈላለን። ወይንሸት ሆቴል ነው የምትሠራው፤ የእኔን ሥራ «ቢሮ» ከማለት በላይ አታውቅም። ሆደ ቡቡ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የተቸገረ ሰው ሳታስከትል የምትመለስበት ቀን የለም። አንድ አርብ አንዲት ሴት ይዛ መጣች። ባንቺአምላክ ትባላለች፤ የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ አጅማን ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ግራ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናለች። «ቤድ ስፔስ፣ የሚከራይ አልጋ፣ እስክናገኝላት እኛ ጋ ትሁን» አለች ወይንሸት። እኔ ቅር እያለኝ እሺ አልኩ። ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ሳወጣላት እንኳ ፊቴን አላበራሁላትም።

ባንቺ ሻይ ከቀመሰች በኋላ ታሪኳን ነገረችን። መታጠቢያ ቤት ስታጥብ በረኪና ተፈናጥሮ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ማዳም «በውኃ ታጠቢው፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ ይሻልሻል» አለቻት። በማግስቱም አልተሻላትም፤ ከዚያም ወዲያ እየባሰባት ሄደ። በሩ ከውጭ ስለሚቆለፍ መውጣት አልቻለችም። ልብስ የምታሰጣበት በረንዳ ላይ ተሸሽጋ ለመንግሥት ደወለች።

«በአማርኛ ተናገሪ አለኝ እኮ፣ እታለም» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። «እንዴት ደስ እንዳለኝ! በአገሬ ቋንቋ የሚሰማኝ አገኘሁ ብዬ ሁሉን ነገርኩ። አሁን ይመጣሉ ብዬ ልብሴን ሸክፌ በሩ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ።»

ማንም አልመጣም። በኋላ ማዳም ቆሻሻ እንድትጥል በሩን ስትከፍትላት በዚያው ወጥታ ቀረች። መቼ እንደደወለች ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። እኔ በሥራ ላይ የነበርኩበት ሳምንት ነው። ወይንሸት «ምነው ገረጣሽ?» አለችኝ፤ ራሴን አሞኛል ብዬ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ።

ሐኪም ጋ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ዓይኗን በመብራት ካየ በኋላ ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር፣ አሁን ግን ሌላኛውን እንጠብቅላት አለ። ያስተረጎምኩላትም እኔ ነኝ። «ይሄኛው አልሆነም፤ ሌላኛውን እንጠብቅ ነው የሚለው» አልኳት። ቀደም ብላ ያለውን ዘለልኩት። እሷም «ተመስገን፣ አንዱ ይበቃኛል» አለች። እንዲህ ያለችን ሰው ዓይኗን እያየሁ ነው የዋሸኋት።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ድምፁን ፈልጌ አገኘሁት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። «እንደምን ዋላችሁ? ደህና ናችሁ? ሥራ እንዴት ነው? በርቱ» ትላለች። «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማዳምም ክፉ አይደለችም፣ ሰው ማማት አይሁንብኝ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው።» ከዚያ ዝም አለች፤ ከሩቅ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። «ብቻ ዓይኔ፣ ይኸው ዓይኔ ብርሃን እየነሣኝ ነው። በር ተቆልፎብኛል። ሙሽኪላ፣ ጣጣ አልፈልግም፤ ማንንም እንድትቀጡልኝ አይደለም። ሐኪም ብቻ አሳዩኝ፣ በማርያም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደህና ዋሉ።» በርቱ ብላኛለች! እኔ ጫማ ስመርጥ እሷ በርቱ ትለኝ ነበር። ከድምፁ ሥር የማሽኑ ሁለት መስመር አለ፤ ከእሱ ሥር የእኔ ስም አለ። ማሽኑ የሚችለውን አድርጓል። የሚችለውን ያላደረገ ሰው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው።

ያን ቀን ማስተካከል እችል ነበር። ሱፐርቫይዘሬ ዘንድ ገብቼ «አጥፍቻለሁ፤ ይህ ጉዳይ ይከፈት» ማለት እችል ነበር። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ስልክ እያወራ አገኘሁትና ተመለስኩ። በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ያ «በኋላ» ሳይመጣ ቀረ።

ባንቺ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከወይንሸት ጋር ሄዳ ለመንግሥት አመለከተች፤ ከቤቱ ከመውጣቴ በፊት ደውዬ ተናግሬያለሁ አለች። ማዳም ደግሞ ቀድማ ጠፍታብኛለች ብላ አስመዝግባለች፤ ስለ ዓይን ነግራኝ አታውቅም፣ ምናልባት ከወጣች በኋላ የደረሰባት ነው ብላለች። እንግዲህ የባንቺ ነገር ሁሉ ያ ድምፅ ላይ ተንጠለጠለ። ድምፁ ዓይኗን ካነሣ ተበዳይ ናት፤ ካላነሣ ከአሠሪዋ የጠፋች ውሸታም ናት።

በዚያው ሰሞን ድርጅታችን የማሽኑን ደንብ መጠበቁን የሚፈትሹ ሰዎች መጡ፤ ከያዟቸው ጉዳዮች አንዱ የባንቺ ነበር። ሱፐርቫይዘሬ ኮሪደር ላይ ይዞኝ «ሁሉም በደንቡ ነው በይ፤ ያላ፣ ቶሎ እንጨርሰው» አለኝ። ከመጡት መካከል ጉዳዩን የያዘችው ተቆጣጣሪ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ጨዋ ሴት ናት። የባንቺን ድምፅ በትልቁ ድምፅ ማጉያ አስከፈተችው። እሷ፣ ሱፐርቫይዘሬና እኔ ተቀምጠን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ባንቺ የምትለው የሚገባው፣ የአማርኛውን ጽሑፍም የሚያነብ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ነገር እግዜር ለማንም አይስጥ።

«ማሽኑ ደህና ናት ይላል» አለችኝ ተቆጣጣሪዋ በእንግሊዝኛ። «የሰማሻት አንቺ ነሽ። ምንድን ነው የምትለው?»

ሥራው ከሄደ ቪዛው ይሄዳል፣ ቪዛው ከሄደ እኔም ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ ብዬ አሰብኩ። ያ ሁሉ ጭብጨባ ትዝ አለኝ። ባንቺ አል ናህዳ፣ ከአልጋዬ አጠገብ ካለው አልጋ ላይ ተቀምጣ የእኔን ቀሚስ እየተኮሰች እንደሆነም አሰብኩ። ይህን ሁሉ አስቤ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ደህና ነኝ ትላለች» አልኩ።

«ሌላስ?» አለች።

«እግዚአብሔርን ታመሰግናለች» አልኩ።

ሁለቱንም ቃል በቃል ብላለች። እዚያ ላይ ተደግፌ ወራት ኖርኩ፦ አልዋሸሁም፣ ያለችውን ነው ያልኩት እያልኩ። ምን ዓይነት ተንኮል ነው ይሄ? ሰይጣን ራሱ ከእኔ ዘንድ ትምህርት ሊወስድ ይችላል። ስለማላውቅ ብሳሳት፣ ሳልሰማ ባጸድቅ ስንፍና ነው። ይሄ ግን ሰምቼ፣ ገብቶኝ፣ ዓይኗን በቅርብ አይቼ ነው። ደንቡ በማሽኑና በእሷ መካከል አንድ ሰው ያስቀመጠው ለዚያች ደቂቃ ነበር፤ ያቺን ደቂቃ ለራሴ አዋልኳት።

ባንቺ ተፈረደባት፤ ማሽኑ የመዘገበው ደህና ነኝ ማለትሽን ነው አሏት። ጠፍታለች የሚለው ጸና፤ ሁለተኛ እንዳትገባ ተከልክላ ወደ አገሯ እንድትመለስ ተባለ። እስክትሄድ ድረስ እኛ ጋ ነበረች። ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን ዓይኗ ውስጥ የማንጠባጥብላት እኔ ነበርኩ። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ታስደግፋለች፣ እኔ የዓይኗን ቆብ በጣቴ ወደ ላይ እይዛለሁ፤ «እጅሽ ለስላሳ ነው፣ እታለም» ትለኛለች። ወይንሸት ደግሞ «ሰላምን ክፉ ትመስለኝ ነበር፤ ለካ ወርቅ ናት» እያለች ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አወራችልኝ። እኔም ምስጋናውን እየሰማሁ ዝም አልኩ። ሻርጃ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሸኛት አንገቴን አቅፋ መረቀችኝ። «ለእኔ ብለሽ ተንከራተትሽ፤ የልብሽን ይሙላልሽ» አለችኝ። አሜን አልኩ። አፈር ልብላ፣ አሜን ብዬ ተቀበልኩ!

ከዚያ ድርጅቱ በሌሎች አገልግሎቶችም ማሽኑን ሊያስገባ ሆነና አዳዲስ ሰሚዎች ቀጠረ። ሱፐርቫይዘሬ «ሰው ለምን መስማት እንዳለበት አንቺ አስረጃቸው፤ በፍተሻው አንድም ጉድለት ያልተገኘብሽ ነሽ» አለኝ። ቆምኩና አስረዳሁ። ስለ ሰላምታችን ነገርኳቸው፣ ማሽኑ የት ጋ እንደሚስት ነገርኳቸው፣ አንድ ሰው ቢዘናጋ ምን እንደሚደርስ ነገርኳቸው። በደንብ ነው የተናገርኩት፤ አንዷ ዕንባ አቀረረች። ሁሉም ሲያጨበጭቡ ተንበርክኬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ወደ አል ናህዳ በምመለስበት አውቶቡስ ውስጥ እንደ ወትሮው መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። እዚያ ቁጭ ብዬ ቆረጥኩ። ሰው ልማከር አላልኩም፤ ከተማከርኩ የሚያባብለኝ አላጣም።

በማግስቱ ቢሮ አልገባሁም። ተቆጣጣሪዋን ፍለጋ ሄድኩ፤ ከእንግዳ መቀበያው አንሥቶ ወዲያ ወዲህ አሉኝ፣ ተቀምጬ ጠበቅሁ፣ ተመለሽ ሲሉኝ አልመለስም አልኩ። ስትመጣ የባንቺን ቃል ከ«እንደምን ዋላችሁ» እስከ «ደህና ዋሉ» ድረስ ፊቷ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ተረጎምኩላት። ማዳመጫውን ጠረጴዛ ላይ እንደማስቀምጥ ነገርኳት። ሰምቼ እንደዋሸሁ ነገርኳት። ሌሎቹንም የዘጋኋቸውን ሁሉ ሰው እንደገና ይስማቸው፤ ስንቶቹ እንደሷ እንደሆኑ አላውቅም አልኳት። ያልኩትን ጽፋ ስትጨርስ «ጉዳይዋ እንደገና ይታያል። አንቺም በሕግ ትጠየቂያለሽ፤ ይገባሻል?» አለችኝ። ይገባኛል አልኩ። ሱፐርቫይዘሬ በዚያው ዕለት መታወቂያዬን ተቀበለኝ። ቪዛዬ እየተሰረዘ ነው። ወይንሸት ካወቀች ወዲህ በአንድ ክፍል እየኖርን አታናግረኝም፤ እውነቷን ነው። ይህን የምጽፈው መጠየቂያ ቀኔን እየጠበቅሁ ነው፤ አልሸሽም፤ የምለውንም አልለውጥም።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር፤ እሱንም አደረግሁት። ደብረ ታቦር ደወልኩ። ባንቺ ድምፄን ስትሰማ ደስ አላት፤ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጠየቀችኝ። ጉዳይሽ እንደገና ሊታይ ነው ስላት እልል አለች። አላስጨረስኳትም። «ባንቺ፣ ያን ቀን ድምፅሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኳት፤ ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሐኪሙ ያለውንም፣ ተቆጣጣሪዋ ፊት ያልኩትንም።  

«አንቺ ነበርሽ?» አለች። «እኔ እኮ ማሽን ነው የዘጋብኝ ብዬ ይቅር ብዬ ነበር። ዕቃ ምን ያውቃል፣ በዕቃ ቂም አይያዝም ብዬ፣ ለታቦቱም ነግሬ ትቼው ነበር። ሰው ከሆነማ፣ ሰላም፣ ገና ይቅር አላልኩም።»

ከዚያ በፊት በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ልክ ነሽ አልኳት። ይቅር በዪኝ ብዬ አልለመንኳትም፤ እናንተንም አልለምናችሁም።